ፑል ቤቱ ሳይከፈት

ጥር 5፣ ሰኞ

ዛሬ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ስሜን ጻፍኩ። በገዛ እጄ። ማንም አልጻፈልኝም።

የፑል ቤታችን ቡድን ሰው ጎድሎበታል። አናጢው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በእሱ ቦታ የሚገባው በውድድር ይለያል፤ የፈለገ ይመዝገብ ይላል ወረቀቱ። «የፈለገ» የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። «የፈለገ ወንድ» አይልም። «ከጽዳት ሠራተኛዋ በቀር» አይልም።

አለቃዬ ገብቶ ወረቀቱን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ይሄ የማን ስም ነው?»

«ማንበብ ካቃተህ ላንብብልህ።»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው የሳቀው። አባቱ ይህን ቤት ሲከፍቱ እሱ አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርግ ልጅ ነበር፤ ዛሬ አለቃ ሆነ። እኔ ያን ጊዜም መጥረጊያ ይዤ ነበር፣ ዛሬም እንደያዝኩ ነኝ።

ስሜን ግን አልሰረዘውም።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ጊዜ የለኝም። ይህን መጻፉ ራሱ ጊዜ ይበላል። የምጽፈው የማታ ትምህርት አስተማሪያችን «በየቀኑ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ይሸሻችኋል» ትል ስለነበር ነው። ከእኔ የሸሸ ብዙ ነገር አለ። ፊደሉ እንኳ አይሸሽም።

የልምምድ ነገር እንዲህ ነው። ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ መጥታ ከእህቴ ጋር ትቀመጣለች። እኔ ወደ ፑል ቤት እሄዳለሁ። ወለሉን እጠርጋለሁ፣ ብርጭቆ እሰበስባለሁ፣ መጸዳጃ ቤቱን አጥባለሁ፣ የጠረጴዛዎቹን ጨርቅ እቦርሻለሁ። ከዚያ በኋላ አለቃዬ በሩን እስኪከፍት ያለችው ጊዜ የእኔ ናት። በሩ ሲከፈት ደግሞ ወደ ቤት መሮጥ አለብኝ፤ ልብስ ሰፊዋም ሱቋን ትከፍታለች፣ እህቴም ብቻዋን አትሆንም።

እንግዲህ ልምምዴ የሚገኘው ከመጥረጊያው ነው። በፈጠንኩ ቁጥር ይረዝምልኛል። ዛሬ ከወንበሮቹ ሥር በደንብ አልጠረግኩም። ሲያሳፍረኝ ዋለ።

ወንዶቹ ከቀትር ጀምሮ እስኪዘጋ ይጫወታሉ። በተለይ ሎተሪ የምንለው ታክሲ ነጂ። ሎተሪ ያሉት ኳሱ ያላሰበው ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባለት ነው። ተሳፋሪ ባጣ ቁጥር ይመጣል፣ ይመታል፣ ይስቃል። የእሱን ያህል ለመለማመድ ሌላ ዕድሜ ያስፈልገኝ ነበር፤ የሚሰጠኝ የለም።

ስለዚህ የምተወውን መረጥኩ። የተደረደሩትን ኳሶች በኃይል መበተን ተውኩ። ኳስ ከጠረጴዛው ጠርዝ አንጥሮ ማስገባት ተውኩ። ነጯን ኳስ ማሽከርከርም ተውኩ። የያዝኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ቀጥ ያለች ኳስ መትቶ ነጯን በመታችበት ቦታ ላይ ማስቆም። ሁለተኛው፣ የማስገባው ሲጠፋ ነጯን ከሌላ ኳስ ጀርባ ደብቆ መተው።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ዛሬ የጠረጴዛዎቹ ጨርቅ የሚተኮስበት ቀን ነው። ካውያው እስኪግል ጥቂት መታሁ። ስድስት ቁጥሯ ኳስ እምቢ አለችኝ። እቸኩላለሁ። ስቸኩል ትከሻዬ ይነሣል።

ጥር 11፣ እሁድ

ዛሬ ሥራ የለም፤ ጠረጴዛም የለም። ቤት ውስጥ ባዶ ጠርሙስ በጎኑ አስተኝቼ፣ የመወልወያውን እንጨት እንደ መምቻው እስቴካ ይዤ፣ በአፉ ሳላስነካ ማስገባትና ማውጣት ጀመርኩ። ድሮ አናጢው እንዲህ ሲለማመድ አይቼው ነበር። ሰው የጠራጊ ዓይን ወለል ላይ ብቻ ያለ ይመስለዋል።

እንጨቱ ጠርሙሱን ሲነካ ቅጭል ይላል። ቅጭል ባለ ቁጥር እህቴ ከአልጋዋ ላይ ትጮሃለች።

«ነካ!»

ዓይኗ ደመና ሆኗል፤ ጆሮዋ ግን የድመት ነው።

«እትዬ፣ ተኚ።»

«በዚህ ቅጭልታ ማን ይተኛል? ነካ! አሁንም ነካ! በዚህ ዕድሜሽ ዱላ ይዘሽ ጠርሙስ ስትወጊ ጎረቤት ቢያይሽ ምን ይላል?»

«ጎረቤት ያንቺን ሰገራ ስጠርግም አያየኝም።»

ይህን ባልናገር ይሻል ነበር። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች። ትንሽ ቆይታ ግን «ነካ!» አለች።

ስለ እሷ ልጻፍ፤ ለማን እደብቃለሁ። አባታችን «ከሁለቱ አንዷ ብትማር ይበቃል» አለና እሷን ትምህርት ቤት ላከ። እኔ ውሃ ቀዳሁ። እሷ ታይፕ ጻፈች፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አደረገች፣ በየቢሮው «እመቤት» ተባለች። ከዚያ ዓይኗ ደከመ፣ ዳሌዋ ተሰበረ፣ ባል ሞተ፣ ልጅ አልነበረም፤ መጨረሻዋ የእኔ ክፍል ሆነ። እኔ ፊደል ቆጥሬ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገሬን ሳሳያት፣ ያኔ ትንሽ ታይ ነበር፣ «የዶሮ ጭረት ይመስላል» አለች። አልረሳውም። ይቅር ብያታለሁ፤ አልረሳውም።

እስቴካ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣሁት እሷ ቤቴ በገባች ሳምንት ነው። ከዚህ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ወንበሮቹን አንሥቼ ስለማመድ ረፈደብኝ። ሎተሪና የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ቀድመው ገቡ። መጸዳጃ ቤቱን ሳጥብ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ቅዳሜ ከማን ጋር ደረሰህ?» ይላል ሎተሪ።

«ከእማማ።»

«ታድለህ!»

«ምን ታደልኩ? ባሸንፋት አሮጊት አሸነፈ እባላለሁ። ብሸነፍ…»

«ብትሸነፍ ፀጉራችንን ሌላ ቦታ እንቆረጣለን።»

ሳቁ። እኔም ባልዲውን በሙሉ አፈሰስኩትና ውሃው ጫማቸው ሥር ሄደ። አዳልጦኝ ነው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

አሸነፍኩ!

ፀጉር አስተካካዩ በኃይል ይመታል። እኔ ማስገባት ሲያቅተኝ ነጯን ደበቅኩበት። ሲናደድ የባሰ በኃይል መታ። ሲጨርስ የራሱን ጨዋታ ራሱ በትኖት ነበር። «ይሄ ጨዋታ ነው?» አለኝ። «አንተ ምን ብለህ ትጠራዋለህ?» አልኩት።

በቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ማጎንበስ ግን ፈተና ነው። ለልብስ ሰፊዋ ነግሬያት በሳቅ ሞተች። «ለመጨረሻው ከደረስሽ ሱሪ እሰፋልሻለሁ» አለችኝ። ወዲያው ወገቤን ለካች። ለመጨረሻው ደርሻለሁ፤ ከሎተሪ ጋር።

እህቴ «አሸነፍሽ?» አለች። «አዎ» አልኳት። «ሰውየው ታሞ ነበር?» አለች።

ጥር 18፣ እሁድ

ጠርሙሱን አስተኝቼ እስኪመሽ ሠራሁ። እህቴ ምንም አላለችም። የተኛች መስሎኝ በእግሬ ጣት ሄጄ አየኋት። ዓይኗ ክፍት ነው።

«ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«አልነካሽማ።»

ጥር 20፣ ማክሰኞ

እህቴ ታማለች። ትኩሳት። ደረቷ ያፏጫል። ልምምድ የለም።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ጠርጌ ብቻ ሮጥኩ። እስቴካ አልነካሁም።

ጥር 23፣ ዓርብ

ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠ። በየጊዜው ቀና ማድረግ፣ ጀርባዋን መምታት፣ ውሃ በማንኪያ መስጠት። ልብስ ሰፊዋም ሥራ በዝቶባት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የምትመጣው።

ዛሬ ሳገላብጣት «ምነው ለመታመም ሌላ ሳምንት አጣሽ?» አልኳት። በአፌ ወጣ። ትንፋሽ አልነበራትም። እጄን ብቻ ያዘች። እጇ እሳት ነው። ውሃ ላመጣ ብዬ ወጣሁና ከቧንቧው ሥር ቆሜ ቀረሁ። ምላሴ ይቆረጥ። ዕድሜ ልኬን አፌ ከእጄ ይቀድማል፤ እጄ መልካም ሲሠራ አፌ ያፈርሰዋል።

ጥር 26፣ ሰኞ

ትኩሳቷ ወርዷል። ሾርባ ጠጣች። ጨው የለውም ብላ ተሳደበች፤ እንግዲህ ድናለች።

ጠዋት ለአለቃዬ ከውድድሩ ወጥቻለሁ አልኩት። ሳምንቱን በሙሉ እስቴካ አልነካሁም፣ ምን ይዤ እገባለሁ? «ይሻላል እማማ፣ ለጤናዎም ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። ያ እፎይታው ቀኑን ሙሉ ሲበላኝ ዋለ።

ማታ

ልብስ ሰፊዋ የሰፋችውን ሱሪ ይዛ መጣች። «አያስፈልግም፣ ትቼዋለሁ» አልኳት። እህቴ ሰማች። ልብስ ሰፊዋ እስክትወጣ ጠበቀች።

«ለምን ተውሽ?»

«አንቺን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«ይኸው! እኔን ሰበብ ልታደርጊ ነው!»

«ሰበብ? ሳምንቱን ሙሉ ማን ነው ያገላበጠሽ?»

«አንቺ ነሽ። ያገላበጠኝ እጅሽ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ስሚኝ። ዕድሜ ልክሽን ‹እሷ ተማረች፣ እኔ ቀረሁ› ስትዪ ኖርሽ። እውነት ነው፣ በእኔ ምክንያት ቀረሽ፤ ይሁንልሽ። ይኼኛውን ግን በእኔ አታሳብቢ። ፈርተሽ ከሆነ ፈራሁ በይ።»

ሾርባውን አንሥቼ ወጣሁ። የተናገረችው ትክክል ስለሆነ አይደለም፤ ሾርባው ቀዝቅዞ ነው።

ሱሪውን ለካሁት። ልክ ነው።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

«አልወጣሁም» አልኩት አለቃዬን። «ትናንት ወጥቻለሁ ብለውኝ…» «ትናንት ነዋ።»

መሰረዝ ረስቶ ነበር፤ ወይም ሰንፎ። ስንፍናው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ጥር 30፣ ዓርብ

ነጯ ትቆማለች። መታኋት፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ደግሜ መታኋት፣ ቆመች። ወለሉ ዛሬ ጨርሶ አልተጠረገም፤ ማንም አላወቀም።

የካቲት 2፣ እሁድ፣ ከመሸ በኋላ

ከየት ልጀምር? ከሱሪው ልጀምር። ልብስ ሰፊዋን ከእህቴ ጋር ትቼ ስገባ አንዱ አፏጨ። «ምነው፣ መንገድ ጠፋህ?» አልኩት፤ ተሳቀና ቀለለኝ።

እሁድ ቢሆንም ቤቱ ለውድድሩ ተከፍቶ ሞልቶ ነበር። ሦስት ጌም ቀድሞ የወሰደ ቡድኑ ውስጥ ይገባል። ሎተሪ እጄን ጨበጠና «እማማ፣ ይማሩኝ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን እሱ ወሰደ። ሁለት ኳስ ያላሰበበት ገባለትና ቤቱ «ሎተሪ! ሎተሪ!» እያለ ጮኸ። ሁለተኛውን እኔ ወሰድኩ። ሦስተኛውንም እኔ። ደበቅኩበት፤ ሲሳሳት ኳሴን አስገባሁ፤ ቀስ እያልኩ። አንድ ሰው ከኋላ «እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው» ሲል ሰማሁ። ይውሰድህ፣ አልኩ በሆዴ።

አራተኛው ላይ እኔ እየመራሁ ነው። የቀሩኝ አንድ ኳስና መጨረሻ የምትገባው ጥቁሯ ብቻ ናቸው። ጎንበስ አልኩ። ከነጯ አጠገብ ጨርቁ ላይ የጠመኔ ብናኝ አየሁ፤ ከእስቴካው ጫፍ የሚረግፈው ያ ሰማያዊ። ስንት ዓመት እጄ ያን ብናኝ ባየ ቁጥር ጠርጓል። ሳልጠይቀው ሄደና ጠረገው። እጅጌዬ የእሱን ኳስ ነካ። ኳሷ ትንሽ ተንከባለለችና ቆመች።

በውድድር ኳስ በእጅ ወይም በልብስ መንካት ፋውል ነው። ተራው ወደ ተጋጣሚ ያልፋል፤ ነጯንም አንሥቶ ከፈለገበት ቦታ ያስቀምጣል።

ቀና ስል ቆጣሪው ነጥብ ይጽፍ ነበር። ሰዉም ያወራል። ያየው ሎተሪ ብቻ ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፈገግ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ምንም አይደል እማማ፣ ይጫወቱ።»

እዚህ ላይ ምን እንደሆንኩ ልጽፈው እሞክራለሁ። ቢሰድበኝ አይከፋኝም ነበር። ያቺ ፈገግታ ግን፣ በአውቶቡስ ወንበር ሲለቁልኝ የማያት ፈገግታ ናት። ወንበሩን እቀበላለሁ፤ ጉልበቴ ያመኛል። እዚህ ግን ወንበር አልለመንኩም።

«ፀጉር አስተካካዩ ቢነካብህ ምንም አይደል ትለዋለህ?»

«እሱማ… እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ወደ ቆጣሪው ዞርኩና ጮክ ብዬ «ፋውል ነው፤ እጅጌዬ ነክቷል» አልኩ። አለቃዬ ከባንኮኒው ጀርባ «እማማ፣ ልጁ እኮ ትቶታል» አለ።

«እኔ አልተውኩትም። ነጯን አንሣ፣ ሎተሪ። አንሣና እንደምትጫወት ተጫወት። እናትህ ቤት ናት።»

ፊቱ ቀላ። ነጯን አነሣ፤ ደህና ቦታ መርጦ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልሳቀም። የቀሩትን ኳሶቹን አንድ በአንድ አስገባ፤ አንዷም በዕድል አልገባችም። እንደዚህ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ሁለት ለሁለት ሆንን።

ከኋላ አንዱ «የራሷን ጌም አቃጠለች፣ ጅል» ሲል ሰማሁ። እኔንም ውስጤ እንዲሁ ይለኝ ነበር። ቡድኑ ውስጥ የመግባት ነገር በአፌ ምክንያት አለቀ አልኩ። ግን ደግሞ አንድ ነገር ተሰማኝ። ሎተሪ አሁን የሚያየኝ በሌላ ዓይን ነው። ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያየኝ። ስንት ዓመት በዚህ ቤት ወለሉን ስረግጥ እንደዚህ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም።

የመጨረሻው ጌም ረጅም ነበር። እሱ ይደብቅብኛል፣ እኔ እደብቅበታለሁ። ከእኔ ተምሮ መሆኑ ነው። አሁን ማንም እንቅልፍ አላለም። እሱ አንዷን ሳተ፤ ለጥቂት፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆመች። ወንበር ላይ ተቀመጠና ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣለ።

የቀሩኝን አየሁ። ሁሉም ቀጥ ያሉ ነበሩ። ቀጥ ያሉ እንዲሆኑ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መታሁ፣ ነጯ ቆመች። መታሁ፣ ቆመች። ጥቁሯ ጋ ስደርስ ትከሻዬ ሊነሣ ሲል ተሰማኝና ቀና አልኩ፤ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ፤ እንደገና ጎንበስ አልኩ። ገባች። ድምፅዋን ሰማሁ፤ ዓይኔ ግን ነጯ ላይ ነበር። ነጯ ቆማለች።

መጀመሪያ ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ጀመረ። ሎተሪ ተነሥቶ እጁን ሰጠኝ፤ አጥብቆ ጨበጠ፤ ጣቶቼ አመሙኝ። «በሚቀጥለው እበቀላለሁ» አለ።

«ብትበቀል ነው የሚሻልህ» አልኩት።

ቤት ስገባ እህቴ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አሸነፍሽ ወይ አላለችም። «ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለች።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በየኳሱ «ቆይ፣ ነጯ የት ቆመች?» እያለች ታስቆመኛለች። በእጇ ብርድ ልብሱ ላይ ጠረጴዛውን ትስላለች። ፋውሉ ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ከእሱ ሌላ ያየ ነበር?»

«የለም።»

«እና ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ።»

«አንቺ እኮ» አለች፣ «ቂም እንኳ የምትይዢው በሕግ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ስትስቅ ሳሏ ተነሣባትና ጀርባዋን መታሁላት። ከዚያ የት እንደደረስኩ ጠየቀችኝ፤ ሙሉውን ነገርኳት። ጥቁሯ ስትገባ የያዘችውን ብርድ ልብስ ለቀቀችው።

የካቲት 3፣ ሰኞ

የቡድኑ ጨዋታ ቅዳሜ ነው፤ ከሌላ ሰፈር ፑል ቤት ጋር፣ እዚያው እነሱ ዘንድ። የሚኬደው በጠዋት ነው። ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜን ሱቋን ዘግታ ከእህቴ ጋር ልትውል ቃል ገብታለች። «እኔም ቢሆን ነጯ የት እንደቆመች መስማት እፈልጋለሁ» አለች።

አለቃዬ ዛሬ በማለዳ መጣ። እንዲህ በማለዳ መጥቶ አያውቅም። ጭንቅላቱን ያካል።

«እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ቅዳሜ ግን… ማን ይጠርጋል?»

«ሰው ፈልጋ።»

«ሌላውስ ቀን? መለማመድ አለብዎት። ቡድኑ የቤቱ ስም ነው። ብንሸነፍ…»

«እሱን ነው እኔም የምልህ።»

አሰበ። ወዲያና ወዲህ አየ። በመጨረሻ ኮቱን አውልቆ መጥረጊያውን ራሱ አነሣ። አያያዙን አላውቅለትም፤ አካፋ የያዘ ይመስላል። እኔ እስቴካዬን አውርጄ ሁለተኛው ጠረጴዛ ጋ ሄድኩና ኳሶቹን ደረደርኩ።

«እማማ፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚለማመዱት?»

«አንተ ጠርገህ እስክትጨርስ» አልኩት። «ደግሞ ከወንበሮቹም ሥር ጥረግ። ቀስ ብለህ።»